«ጽና» ማለት ቀላል ነው

አራት ነበርን። ዛሬም አራት ነን። መሃል ላይ ግን ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሦስት ሆነን ነበር፤ ያውም አራተኛችን የት እንዳለ እያወቅን፣ ስልኩም በእጃችን እያለ። ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለዚያ ዓመት ከመንፈቅ ነው። የምንመሰገንበት ታሪክ አይደለም። ግን ሰው አንዳንዴ ጥፋቱንም ካላወራ ሆዱ አይቀልለውም። እንግዲህ ታገሱን።

የተዋወቅነው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለታችን ኦርቶዶክስ፣ ሁለታችን ጴንጤ። የጫሞ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ብቻ ስንት ሌሊት እንደተከራከርን እኛና ዶርማችን እናውቃለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን በእግራችን እንወጣና አባያንና ጫሞን፣ በመሃላቸውም የእግዜር ድልድይን ቁልቁል እያየን እንጸልይ ነበር። ሁሉም በየወጉ ነው፤ አንዱ እያማተበ፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ። «አሜን» የምንለው ግን አንድ ላይ ነበር።

ከአራታችን የአገሩ ልጅ አንዱ ብቻ ነው፤ ዶርዜ ነው ያደገው። ይህን ጽሑፍ ከማውጣታችን በፊት አስነብበነዋል። «ስሜንና የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት፣ ሌላው ይሁን» ስላለን «ጓደኛችን» እያልን እንቀጥላለን።

ስንመረቅ ሦስታችን አዲስ አበባ ገባን። እሱ እዚያው ቀርቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ተቀጠረ። በሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ቀን ሲሚንቶ መጣ። ወረቀቱ 300 ኩንታል ይላል። እሱ ቆጥሮ ያገኘው 200 ነው። «ሞዴል 19 ቁረጥና ፈርም፤ ቀሪው ነገ ይመጣል» አሉት። «እንግዲያው የቀረውን ነገ እፈርማለሁ» አለ። በነጋታው ሲሚንቶ አልመጣም። የመጣው የዝውውር ደብዳቤ ነው። ከዝውውሩ በኋላ ማስጠንቀቂያ፣ ከማስጠንቀቂያው በኋላ ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ በመጨረሻም ስንብት። ሁሉም ነገር አራት ወር አልፈጀም።

እኛ ኮራን። እውነቱን እንንገራችሁና፣ የኮራነው ልክ እኛ ራሳችን አንፈርምም ያልን ይመስል ነበር። በየቤተ ክርስቲያናችን፣ በየቢሯችን አወራነው። «አንድ ጓደኛ አለን፣ እንደ ዳንኤል ያለ!» እያልን። ለእሱም በየቀኑ በቴሌግራም እንጽፍለት ነበር። ጠዋት ጥቅስ፣ ማታ መዝሙር። «ጽና!» «እሱ ያያል!» «ሁሉም ለበጎ ነው!» ጣታችን እስኪዝል።

ሦስት ወር አለፈ፤ ስድስት ወር አለፈ። ሌላ ቦታ ባመለከተ ቁጥር ከእሱ በፊት ወሬው ይደርሳል፤ «አስቸጋሪ ሠራተኛ ነው» የሚል። ላፕቶፑን ሸጠ። ሲቀላ የተከራያትን ክፍል ለቀቀ። በዚህ ላይ አባቱ ታመሙ። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር፤ እሱው ነግሮናል። እኛ ታዲያ ምን አደረግን? ጥቅሱን ጨመርንለት።

አንድ ማታ እንዲህ የሚል መልእክት መጣ፦ «ወንድሞቼ፣ ጥቅስ አትላኩልኝ። ጥቅሱን አውቀዋለሁ።» ከዚያ ዝም አለ። ብንደውል አያነሳም። ቤተ ክርስቲያንም መሄድ እንደተወ ሰማን።

ምን ያልን ይመስላችኋል? «ደከመ» አልን። አንዳችን እንዲያውም «እስከ መጨረሻው አልጸናም» ብሏል። (ማን እንዳለ አንነግራችሁም፤ አሁን ይህን ሲያነብ ፊቱ ይቀላል።) ሦስታችን ተሰብስበን ጸለይንለት። ያ ጸሎት ግን አሁን ስናስበው ከሐሜት ብዙም የራቀ አልነበረም። ልዩነቱ ዓይናችንን መጨፈናችን ነው።

እንዲህ የሆንነው ክፉ ሰዎች ስለሆንን ብቻ አይመስለንም። ስለ ጽናት እየሰማን ያደግነው ነገርም አለበት።

ጴንጤዎቹ የወላይታውን ዋንዳሮን እየሰማን ነው ያደግነው። ጣሊያን አገሩን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1937 የውጭ ሚሲዮናውያኑን ከሶዶ ሲያስወጣ፣ በወላይታ የተጠመቁት አማኞች 50 ገደማ ነበሩ። ዋንዳሮ ታሰረ፤ በአደባባይ ተገረፈ፤ እስር ቤት ሆኖም መስበኩን አልተወም። ጣሊያን ተባሮ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቃቸው አማኝ ወደ 10 ሺህ የሚደርስ እንደነበር ይነገራል። ከዚያም የወላይታ ወንጌላውያን በእግራቸው ወደ ጋሞና ጎፋ ተሻገሩ፤ እንደ ማሄ ጮራሞ ያሉት ደጋግመው ታሰሩ።

ኦርቶዶክሶቹ ደግሞ ብርብር ማርያምን እንጠቅሳለን። ከአባያ ሐይቅ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ የምትገኝ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ናት። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት በኋላ ያ አገር ከሰሜኑ ቤተ ክህነት ተቆረጠ። የምኒልክ ጦር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስኪደርስ ድረስ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ጳጳስ ሳይጎበኛቸው፣ ሰዎቹ ስፍራዋን አክብረው፣ ጾሙንና በዓሉን በሚያስታውሱት መጠን እየያዙ ቆዩ።

የደርግ ዘመን ሲነሳ ደግሞ አራታችንም እኩል እናወራለን። ቄስ ጉዲና ቱምሳና ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1971 ዓ.ም. በአንድ ክረምት ነው የተገደሉት። አንዱ የመካነ ኢየሱስ፣ አንዱ የኦርቶዶክስ። አጥንታቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ታዲያ እነዚህን ታሪኮች ስንሰማ፣ ስንናገርም፣ ሁልጊዜ በመድረኩ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ግርፋቱን የሚቀበል አንድ ጀግና። ስንቁን ማን አመላለሰለት? ልጆቹን ማን አበላ? ይህን የጠየቀ የለም። እኛም አልጠየቅንም። ስለዚህ ጓደኛችንን ያን መድረክ ላይ ብቻውን አቁመን፣ ከታች ሆነን አጨበጨብን። ሲደክመው ደግሞ አዘንበት።

ከዚያ መስቀል ደረሰ። ለጋሞ መስቀል ማለት ምን እንደሆነ የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ጠይቁ፤ ዓመቱን ሙሉ ሸማ ሲወረውር የከረመው ሁሉ ለማስቃላ አገሩ ይገባል። «እሱም አያቱ ቤት አይጠፋም» ብለን ተነሣን። ሐሳባችን ምን ነበር መሰላችሁ? ልንመልሰው! ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል። ሚኒባሱ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ሐይቆቹ ከታች እያነሱ ሲሄዱ፣ እኛ ማን መጀመሪያ እንደሚናገር እየተከፋፈልን ነበር።

ዶርዜ ስንደርስ የተቀበለን ራሱ ነው። ከስቷል። አቀፈን፤ ለምን መጣችሁ አላለም። አያቱ ቤት ይዞን ገባ።

የዶርዜን ቤት ያላያችሁ ካላችሁ፣ ከቀርከሃ ተሸርቦ የሚቆም ነው። ከፊት ሲያዩት የዝሆን ፊት ይመስላል። አዲስ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይረዝማል። ከዚያ ምስጥ ከሥር ይበላዋል፤ የተበላውን ይቆርጡታል፤ ቤቱ በየዓመቱ ዝቅ እያለ ለብዙ አሠርት ዓመታት ያገለግላል። የአያቱ ቤት በጣም ዝቅ ብሏል። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ገባን።

ቀኑ የመስቀል ዋዜማ፣ ዓርብ ነበር። አመሻሽ ላይ አያቱ ፍየሎቹን ወደ ቤት ሲያስገቡ ጓደኛችን ለቀልድ «እማማ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው» አላቸው። ሳቁ። ለእኛ ገባን፤ ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይላሉ። ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዳን ስፐርበርም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጽፎታል፤ እሱን የገረመው ግን ነብሩ ይጾማል የሚሉት ሰዎች ረቡዕና ዓርብም ከብታቸውን እንደ ሌላው ቀን መጠበቃቸው ነው። እማማም በጋሞኛ መለሱ፤ ጓደኛችን ተረጎመልን፦ «ነብሩ ይጹም፤ እኔ በሬን እዘጋለሁ።»

ሳቅን። ግን ውስጣችን አንድ ነገር ተነካ። ጓደኛችንን «እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» ብለን በሩን ከፍተን ያደርነው እኛ ነን።

እሳቱ ዳር ቆጮና ዳጣ ቀርቦ እየበላን፣ የያዝነው ስብከት አላስቀመጠን ሲል ከአያቱ ጀመርን። የሟች ባለቤታቸው ታሪክ በወሬ ይደርሰን ነበር። በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናቸው ሲታሸግ ቆላ አውርደው አስረዋቸው፣ «ሃይማኖቴን ትቻለሁ ብለህ ፈርምና ውጣ» ብለዋቸው፣ ስምንት ወር ያልፈረሙ ሰው ናቸው። እንዲያው ጓደኛችን ይስማ ብለን «እማማ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት ጸኑ?» አልናቸው።

«ማን ነው የጸናው?» አሉ።

ጓደኛችን መተርጎሙን አቆመና አያቸው። «ተርጉምላቸው» አሉት።

«ሦስተኛው ወር ላይ ሰው ልኮብኛል። ‹ልፈርም ነው፤ ልጆቼን በረሃብ አልገድልም› ብሎ።»

ዝም አልን። ይህ እኛ በምናወራው ታሪክ ውስጥ የለም። «ታዲያ ለምን ሳይፈርሙ ቀሩ?»

«ልጆቹ ስላልተራቡ።»

ከዚያ ነገሩን ዘረዘሩልን። መሰብሰብ ተከልክሏል፤ መዝሙር ተከልክሏል፤ ደቦ ግን አልተከለከለም። ቤተ ክርስቲያኑ የተዘጋባቸው ሰዎች ጎህ ሲቀድ እየመጡ የእሳቸውን እንሰት ኮተኮቱ፤ ገብሳቸውን ዘሩ፤ አጨዱ። ጎንበስ ብለው ሲሠሩ በለሆሳስ ይጸልያሉ፤ ከሩቅ ያየ ሥራ ይመስለዋል። ሥራም ነበር። ስንቅ ይዞ ቆላ የሚወርደው በተራ ነው፤ በእግር። የአንዱን ተራ ሳይቀር በጣታቸው ቆጠሩልን። ከቆጠሩልን መሃል አንዷ ጎረቤታቸው፣ የቄስ ሚስት ናቸው። «ከእኛ ጋር አንድ ቀን ጸልያ አታውቅም። ስምንት ወር ሙሉ ግን ለልጆቼ ወተት ልካለች።» እማማ ለባለቤታቸው የላኩት መልስ አጭር ነበር፦ ልጆቹ ጠግበዋል። እሳቸውም አልፈረሙም።

«ሲፈቱስ፣ እንዴት ያለ ደስታ ሆነ?» አልናቸው። አሁንም ያው ነን፤ መጨረሻው ላይ እልልታ ፈልገናል።

«ሲፈታ ዓመት ሙሉ አልዘመረም። አኩርፎ እዚያ ይቀመጣል» አሉና በሩ አጠገብ ያለችውን ዱካ አሳዩን። «ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ፤ አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ ቡና ይጠጣሉ፤ ይሄዳሉ። አንድም ቀን ‹ለምን አትዘምርም?› ያለው የለም። አንድ ቀን ራሱ ጀመረ።»

ቆይተው ደግሞ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። «ይህ ቤት ሁለት ጊዜ ከቦታው ተነስቷል። ሰዎች ከሥሩ እንጨት አስገብተው፣ ውስጥም ውጭም ሆነው፣ ተሸክመው ነው ያመጡት። ቤት በራሱ ተነስቶ ሲሄድ አይታችኋል?»

ጓደኛችን ይህን ሲተረጉም ድምፁ ተቆራረጠ። ያዘጋጀነውን ንግግር ማንም አልጀመረውም።

ማታ ሁላችንም አንድ ጥግ ላይ ተጋድመን ሳለ በጨለማው ውስጥ እንዲህ አለን፦ «እኔ እኮ እሱን አልተውኩም። የተውኩት እናንተን ነው። በየቀኑ ‹ጽና› ስትሉኝ፣ ሳልጸና ብቀር የምታፍሩት በእኔ መሆኑን አውቅ ነበር። የአባቴን መድኃኒት ዋጋ ነግሬአችሁ የመጣልኝ መዝሙር ነው።» አልጮኸብንም። ቢጮኽ ይሻለን ነበር።

ይቅርታ ጠየቅነው። «እሺ» አለ። «እሺ» ማለት «ረስቼዋለሁ» ማለት እንዳልሆነ ለመረዳት ግን ብዙ ወር ፈጅቶብናል።

ከዚያ ወዲህ የድሮዎቹን ታሪኮች ስንሰማ ጆሯችን ሌላ ነገር ይፈልጋል። በወላይታ ከ50 ወደ 10 ሺህ ያደረሰው የዋንዳሮ ጀርባ ብቻ አልነበረም። አማኞቹ እርስ በርሳቸው ይረዳዱ ነበር፤ የኛ ነው አይደለም ሳይሉ በእስር ያለውን ያበሉ እንደነበር ይነገራል፤ ይህን ያየ ነው የመጣው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ፤ ደርግ ሲወድቅ ከ30 ሺህ በላይ ሆነዋል። መሪዎቹ እስር ቤት፣ ሕንፃው ተወርሶ፣ አዳራሽ ሳይኖር! ሳሎን ለሳሎን፣ ሁለትም አምስትም ሆኖ እየተገናኙ። አምስት ሰው ባለበት ሳሎን ውስጥ የጎረቤትህ ድስት ባዶ መሆኑ አይደበቅህም።

መጽሐፍ ቅዱሱንም ቢሆን በአዲስ ዓይን አየነው። የኢዮብ ወዳጆች መጀመሪያ መጥተው ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ደግ ነበሩ። የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ጳውሎስም ያን ሁሉ ስለ ጽናት የጻፈ ሰው፣ ከእስር ቤት ለጢሞቴዎስ ሲልክ ትቶት የመጣውን በርኖስ እንዲያመጣለት ያሳስበዋል፤ ክረምት ሳይገባም እንዲደርስ ይለምነዋል። ሐዋርያውም ይበርደዋል ማለት ነው። ጢሞቴዎስ በበርኖሱ ፋንታ «ጽና» የሚል ደብዳቤ ቢልክለትስ?

አርባ ምንጭም በመስከረም 2011 ዓ.ም. ይህንኑ ያሳየችን ይመስለናል። ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ፣ ወጣቱ ቁጣው ገንፍሎ ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ልጆቹም አላለፏቸውም፤ ተመለሱ። ሁላችሁም ፎቶውን አይታችሁታል። እነዚያ አባቶች ቤታቸው ተቀምጠው «ልጆቼ፣ ታገሱ» የሚል መግለጫ ማውጣት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ወጥተው በጉልበታቸው አስፋልት ነኩ። ትዕግሥትን ከሌላው የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ራሱ ምን ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት ከእነሱ የተማርን ይመስለናል።

እና እኛ ምን አደረግን? ብዙ አይደለም፤ የዘገየም ነው። ሦስታችን ዕቁብ ጀመርን፤ የመጀመሪያውን ለእሱ። ያለበትን ዕዳ ከፈልን፤ የአባቱን መድኃኒት ተካፈልን። እሱ በዕቁቡ ገንዘብ ከአያቱ እንሰት አጠገብ የአፕል ችግኝ ተከለ፤ የጨንቻን አፕል መቼም ታውቁታላችሁ። የመጀመሪያውን ዓመት ችግኝ ሸጦ የራሱን ተራ መጣል ጀምሯል። አንድ ጊዜ ገንዘቡን አልቀበልም ብለነው ተቆጣን፦ «እኔንም ከዕቁቡ አታስወጡኝ።» ልክ ነበር። ባለፈው ዓመት ከሦስታችን አንዱ ሥራውን ሲያጣ፣ ቀድሞ የደወለው እሱ ነው። ጥቅስ አልላከም። «ኪራይህ ስንት ነው?» ብሎ ነው የጠየቀው።

ያ መሥሪያ ቤት እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀውም። ሥራውም አልተመለሰለትም። ቤተ ክርስቲያን አንዳንድ እሑድ ይሄዳል፤ አንዳንድ እሑድ አይሄድም። እኛም አንቆጥርበትም። አርባ ምንጭ በወረድን ቁጥር ግን የሴቻን ዳገት አብሮን ይወጣል፤ ስንጸልይ ዝም ብሎ ሐይቁን ያያል፤ መጨረሻ ላይ «አሜን» ሲባል ድምፁ አለበት።

እናንተስ? ስልካችሁ ውስጥ «አይዞህ» ብላችሁ ጽፋችሁለት ከዚያ ዝም ያለ ሰው የለም? ካለ ዛሬ ጥቅሱን ተዉትና ደውሉለት፤ ካላነሳ ሂዱ። ስትደርሱም ንግግር አታዘጋጁ። እኛ አዘጋጅተን የጨንቻ ዳገት ላይ ነው ያስቀረነው።

ዮ ማስቃላ! ቸር ይግጠመን።